ከመዝሪያው ጀርባ የቆመች ልጅ

በሞይቤን ገበያ፣ ከበያጁ ከሜሊ ቤት በራፍ ላይ፣ አዛውንቱ አራፕ ቱዌይ በርከክ ብለው የልጅ ልጃቸውን የቼላጋትን እግር በስንዝር ይለኩ ነበር። ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እግሯን በነኳት ቁጥር ስለሚኮረኩራት ትስቃለች፤ እሳቸውም ልኩ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ።

«አባባ፣ የሠርግ ጫማ ነው እንዴ የሚያሠሩላት?» አለ ሜሊ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«አንተ ብረትህን በይድ» አሉት። «መርገጫው ሰፋ ይበል። እጀታውን ደግሞ እዚህ፣ ከደረቷ ትክክል አድርግልኝ። በትልቅ ሰው ልክ በተሠራ ነገር ላይ ልጄን አላቆማትም።»

ብረቱ የዘር መዝሪያ ነው። ከትራክተር ኋላ ተቀጥሎ ይጎተታል፤ በላዩ የበቆሎ ዘር የሚሞላባቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ከየሣጥኑ አንድ ቱቦ ወደ ትልሙ ይወርዳል። ጭቃ ቱቦውን ሲያፍነው ነጂው አያይም፤ ትራክተሩ ይሄዳል፣ መሬቱ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ከመዝሪያው ጀርባ፣ መርገጫ ላይ ቆሞ ቱቦዎቹን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። በአራፕ ቱዌይ ቤት ይህ ሰው ሁልጊዜ ልጅ ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ቆመዋል፤ የቼላጋት አባትም ቆሟል፤ ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። ዘሩን የጠበቀ ልጅ እሸት ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ይበላል፤ በመንደሩም ስሙ «ዘር ጠባቂው» ይሆናል።

አምና ጠባቂ አልነበረም። ሁለት ትልም ሙሉ ለሙሉ ሳይበቅል ቀረና መንደርተኛው «የአራፕ ቱዌይ ማሳ ጥርሱን አወለቀ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲስቅባቸው ከረመ። አሁን ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡም ደመናውን አንጠልጥሎ መጥቷል፤ ነገ ይዘራል። እናትና አባቷ ናይሮቢ ለሥራ ስለሄዱ ቼላጋትን የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው፤ የሚያዩአትም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው። አንባቢ ይህን ልብ ቢልልኝ እወዳለሁ። ሽማግሌው ልጅቱን ለአደጋ የሚያዘጋጁት ጨክነው አይደለም፤ ከፍቅራቸው ብዛት መርገጫውን እያስዋቡ ነው።

ይህን ጊዜ ራኤል መቆሚያው የተሰበረ ሞተር ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ራኤል በእርሻ ኮሌጅ ተምራ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እርሻ ታስተምራለች። ሟች አባቷ ከአራፕ ቱዌይ ጋር በአንድ ዘመን የተገረዘ እኩያ ስለነበረ፣ በአገሩ ልማድ ለሽማግሌው ልጃቸው ማለት ናት። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታናግራቸዋለች፤ እሳቸውም የምትለውን ሳይሰሙ ሊያባርሯት አይችሉም።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። ነይ እስቲ ፍረጅ፤ እጀታው ከፍ አላለባትም?»

ራኤል እጀታውን፣ መርገጫውን፣ ከዚያ የልጅቱን ባዶ እግር አየች።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች።

«ልትቆጪኝ ነው ማለት ነው። ጠይቂ።»

«ይህ ሁሉ ልፋት ቼላጋት እንዳትወድቅ ነው?»

«ታዲያ ለምን ይመስልሻል?»

«እንዳትወድቅ ከፈለጉ ለምን እዚያ ላይ ይሰቅሏታል?»

ሜሊ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ብረቱ ዞረ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«እኔ እዚያ ላይ ስቆም ከሷ አንስ ነበር። አልወደቅሁም። አባቷም አልወደቀም።»

«እግዜር ጠብቋችኋል። ግን አባባ፣ የቆመው ነው ሸምግሎ ገበያ መሃል የሚያወራው። ወድቆ መዝሪያው የሄደበት ልጅ ሸምግሎ ‹እኔ እኮ ወድቄ ነበር› ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

መልስ ያጣ ሽማግሌ ተረት አያጣም።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።»

«እኔ እንኳ ባልም የለኝ፤ መጽሐፉም የራሴ ነው» አለች ራኤል ፈገግ ብላ።

አሁን እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ግን ሐሳባቸውን አላስለወጣቸውም። «ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ በርጩማው ላይ ተደላድለው፤ «ነገሩ የዘር ብቻ አይደለም፤ የአባቶቻችን ወግ ነው። ልጅ በዚያ መርገጫ ላይ ቆሞ ነው ሰው የሚሆነው። እናንተ የተማራችሁት ልጁን ሁሉ እንደ እንቁላል በጥጥ ጠቅልላችሁ ልታስቀምጡት ነው። ሥራ ያልለመደ ልጅ ምን ይሆናል?»

«ሥራማ ትልመድ። ሰነፍ ትሁን ያልኩ እንደሆነ ይርገሙኝ። እኔም ላም አልቤ፣ አረም አርሜ ነው ያደግሁት። ግን ይህ መርገጫ የየትኞቹ አባቶች ወግ ነው? መዝሪያውን ወደዚህ አገር ያመጣው ማን ነበር?»

«ነጩ ነው፤ ያኔ የዚህ መሬት ባለቤት የነበረው። አባቴ የእሱ ትራክተር ነጂ ነበር።»

«ልጅ ከኋላ ይቁም ያለውስ?»

«እሱው ነዋ። ልጅ ቀላል ነው፤ ማሽኑን አይከብደውም። ትልቅ ሰው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።»

«እሱስ ልጅ ነበረው?»

«ነበረው። እኩያዬ ነበር።»

«የት ላይ ይቆም ነበር?»

ሽማግሌው የነጩን ልጅ አስታወሱ። በረንዳው ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ወተት በብርጭቆ ይዞ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ከመዝሪያው ጀርባ አቧራ እየጠጡ ሲያልፉ ያዝኑለት ነበር፤ ምስኪን፣ ብረት መርገጥ እንኳ አይችልም ብለው። ይህን ስድሳ ዓመት ሙሉ እንደ ድል ይዘውት ኖረዋል።

«በረንዳ ላይ» አሉ። «ሰነፍ ነበር።»

«ሰነፍ ሆኖ ነው አባባ? ወይስ አባቱ ይሳሳለት ነበር?» አለች ራኤል፣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። «ነጩ ለራሱ ልጅ ሳስቶ የሌላውን ልጅ አቆመ። እሱ ሲሄድ እናንተ መሬቱን ገዛችሁ፤ እሰየው። ከመሬቱ ጋር ግን ንቀቱንም ገዝታችሁ ወግ ብላችሁ አስቀመጣችሁት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አራፕ ቱዌይ ሞኝ አልነበሩም፤ ቢሆንም አልለቀቁም። ሰው በልጅነቱ የኮራበትን ነገር በስተርጅናው ሲነጥቁት ያመዋል፤ እሳቸውንም አሟቸዋል። ፊታቸው ጠቆረ።

«የድሮውን ተዪው» አሉ። «እኔ ነጩ አይደለሁም። ትራክተሩን የምነዳው እኔው ነኝ፤ በዝግታ ነው የምነዳው። ብትንገዳገድ አውቃለሁ፣ ብትወድቅ እሰማለሁ። የገዛ ልጄ ድምፅ ይጠፋኛል?»

«እንሞክረዋ» አለች ራኤል። «አሁኑኑ እርሻዎ እንሂድ። ቼላጋትን የሚያህል ጆንያ አፈር ሞልተን መርገጫው ላይ እናቁም። በገመድ እርስዎ ራስዎ ይጠፍሩት። ባዶ መዝሪያ ይዘው ማሳውን ከዳር ዳር ይሂዱ። ሲወድቅ ከሰሙ ያቁሙ፤ እኔም ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አፌን አልከፍትም።»

«አፍሽን ትዘጊያለሽ?»

«እዘጋለሁ።»

«ለዚህስ ሲባል ይሞከራል» አሉ ሽማግሌው። ሜሊም መርገጫውን በይዶ ጨርሶ አስረከባቸው።

መዝሪያውን በትራክተር ጎትተው ሄዱ፤ እርሻው ሩቅ አልነበረም። ጆንያውን ሞልተው መርገጫው ላይ ሲያቆሙት አራፕ ቱዌይ እንደ ሰው እጅ አድርገው በቃጫ ገመድ ከእጀታው ጋር አሰሩት፤ ቋጠሮውንም ደጋግመው ሳቡት። ጠፍረው ሲጨርሱ «የልጅ እጅ ከዚህ የበለጠ ጉልበት የለውም፤ ከዚህም ያነሰ አይደለም» አሉ። ቼላጋት ጨዋታ መስሏት ደስ ብሏታል። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቧን አውልቃ ለጆንያው አለበሰችውና «ብርድ እንዳይመታኝ» አለች።

ራኤል ልጅቱን እጇን ይዛ ከማሳው ዳር ቆመች። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሡ።

እንደተባለው በዝግታ ነዱ። ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል። አንድ ጊዜ ዘወር ብለው አዩ፤ ሹራቡ አለ። ትንሽ ሄደው እንደገና አዩ፤ አለ። ከዚያ ከፊታቸው ትልሙ ሊጣመምባቸው ሆነና ዓይናቸውን ወደ መስመሩ መለሱ፤ ነጂ ዘወትር ወደ ኋላ እያየ ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት አይችልም። መሃል ማሳው ላይ የፈረሰ ኩይሳ አለ፤ ትራክተሩ ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ዘለል ይላል። ዘለል አለ። እሳቸው ኮርቻው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ቀጠሉ። ሞተሩ ያጓራል፣ ብረቱ ይንቋቋል፤ ሌላ ምንም አልተሰማም።

ዳር ደርሰው ሊያዞሩ ሲሉ ወደ ኋላ አዩ። መርገጫው ላይ ማንም አልነበረም።

ሞተሩን አጠፉት። ወርደው በመጡበት ትልም በእግራቸው ተመለሱ። ጆንያው ከኩይሳው አለፍ ብሎ ተደፍቷል። ከመርገጫው ኋላ እየተከተለ አፈር የሚመልሰው ስለታም ዲስክ ሆዱን ዘርጥጦታል። የመዝሪያው የኋላ ጎማ ሄዶበት የሹራቡ አንድ እጅጌ መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ጫፉ ብቻ ይታያል። አራፕ ቱዌይ ጎንበስ ብለው እጅጌውን ሳቡት። አልወጣ አላቸው። አፈሩን በጣታቸው ጫሩና አወጡት።

ከዚያ እዚያው ትልሙ ውስጥ ተቀመጡ። ብዙ ነገር ያዩ ሰው ናቸው፤ ልጅ ቀብረዋል፣ ድርቅ አይተዋል፤ እንደዚያች ሰዓት ግን ፈርተው አያውቁም። ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አፈሩን እያራገፉ ብዙ ጊዜ ቆዩ። ራኤል ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያሸነፈ ሰው የሚለውን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ይህም ጨዋነቷ ከትምህርቷ ሁሉ በለጠ።

«አልሰማሁም» አሉ ሽማግሌው።

«ማንም አይሰማም አባባ።»

«በዝግታ ነበር የምነዳው።»

«አይቻለሁ። ከዚያ በላይ በዝግታ መንዳት አይቻልም።»

«ሹራቧ ባይሆን ጥሩ ነበር» አሉ። ራኤልም ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች።

ሽማግሌው ገበሬ ናቸውና፣ ወደ ዘሩ ነገር ተመለሱ። «ታዲያ ቱቦው ሲታፈን ማን ያየዋል? እንደ አምናው ማሳዬ ጥርሱን አውልቆ ይቅር?»

«አይቀርም። ማሳው ዳር በደረሱ ቁጥር ትራክተሩን ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ። ወርደው ቱቦዎቹን በዘንግ ይንኳቸው። ቼላጋት ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ትምጣና በተዘራው ትልም እየሄደች አልፎ አልፎ አፈሩን በእንጨት ገለጥ እያደረገች ዘሩ መኖሩን ትይ። የሌለበትን ወዲያው እንደገና ትዘሩታላችሁ።»

«ጊዜ ይፈጃል።»

«ይፈጃል። ሁለት ትልም ባዶ ከመቅረቱ ግን ይሻላል። ከሌላውማ ጋር አናወዳድረው።»

«አናወዳድረው» አሉ ሽማግሌው፣ ሹራቡን እያጠፉ።

«አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዴ ካስቀየምኩዎት አይቀር። ዘሩ ሮዝ የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ ተባይ የሚገድል መድኃኒት ተቀብቶ ነው። በባዶ እጇ አትንካው። ነክታው እንደሆነ ሳትታጠብ እህል አትቅመስ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ እርስዎ ከኮርቻው ላይ ሆነው ሊያዩአት የሚችሉበት ቦታ ላይ ትቁም፤ ከኋላዎ አትሁን። ሌላውን ሥራ ሁሉ ትሥራ፤ ዶሮ ትመግብ፣ ጥጃ ታግባ፣ ጎመን ታርም። ሥራ ልጅን አይገድልም። የሚገድለው በልኩ ያልሆነ ሥራ ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ» አሉ አራፕ ቱዌይ። «እኔ የጠረጠርኩት የእጀታውን ቁመት ብቻ ነበር።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ የመሰለው ሰው ቼላጋትን አያውቃትም። ልጅቱ ነገ እንደማትቆም ስትሰማ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለጓደኞቿ ሁሉ ተናግራለች፤ ዘር ጠባቂ ትባላለች፤ አሁን ምን ትበላቸው?

«ጆንያው እኮ እጅ የለውም» አለች በእንባዋ መሃል። «እኔ እጅ አለኝ። አልለቅም ነበር። ሴት ስለሆንኩ ነው አይደል ኩጎ?»

ኩጎ ማለት አያቴ ማለቷ ነው። ራኤል ልትመልስላት ስትል ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሏት። ከተማረችው ሴት ጋር ሲከራከሩ የዋሉት ሰው አሁን በእሷ ቦታ ተቀመጡ።

«እውነትሽን ነው፤ ጆንያው እጅ የለውም» አሏት። «አንቺ ደግሞ ጠንካራ እጅ አለሽ፤ አውቃለሁ። ግን እኔ ከኋላዬ ዓይን የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእጅሽ አይደለም።»

«አባቴ ቆሞ የለ?»

«ቆሟል። ያቆምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ያየሁትን ያን ጊዜ አይቼ ቢሆን አላቆመውም ነበር።»

«እሸቱስ?»

«እሸቱ ዘሩን ለጠበቀ ነው። ነገ ዘሩን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። ይሄን ጨርቅ ያዢ» አሉና ከአንገታቸው ቀዩን ሻርፕ ፈትተው ሰጧት። «ማሳው ዳር፣ ከፊት ለፊቴ ትቆሚያለሽ። አንቺ ጨርቁን ከፍ ሳታደርጊ እኔ አልነቃነቅም። ዝቅ ካደረግሽ ወዲያው አቆማለሁ። ትራክተሩን ማን ያዘዋል ማለት ነው?»

ልጅቱ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ» አለች።

«እንግዲህ አታልቅሺ፤ አዛዥ አያለቅስም።»

በማግስቱ እንደተባለው ተዘራ። ጎረቤታቸው ቺርቺር ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «አራፕ ቱዌይ፣ ትራክተርህን ሽንት ይዞታል እንዴ በየዳሩ የሚቆመው?» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌውም «አርጅቷል፤ እንደ ባለቤቱ ነው» ብለው መለሱለትና ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከቀትር በፊት፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ቼላጋት አንዱን ትልም በእንጨቷ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ሮዙን ዘር አጣችው። ቀይ ጨርቋን ዝቅ እንዳደረገች አያቷን ተጣራች። መጥተው ቢያዩ አንዱ ቱቦ በጭቃ ታፍኗል። ጠርገው ያንን ትልም እንደገና ዘሩት።

በቆሎው ሲበቅል አንድም ባዶ ትልም አልነበረም። ቺርቺር መጥቶ አየና ምንም ሳይናገር ሄደ፤ በሳምንቱ ግን መዝሪያውን ይዞ ከሜሊ ቤት ተገኘ። ሜሊ በዚያ ዓመት መርገጫ ከሚበይድበት ይልቅ የሚቆርጥበት ቀን በዛ። አሁን በዚያ አምባ ልጆች ከመዝሪያ ጀርባ አይቆሙም። ዘሩ በትክክል ይዘራል፤ ነጂው ሐሳቡ ሳይከፈል መስመሩን ይይዛል፤ ልጁም ሥራውን በልኩ እየተማረ ያድጋል። ናይሮቢ ያለች እናት ስልክ በጮኸ ቁጥር አትደነግጥም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው። መላው ብዙ ብልሃት አልጠየቀም፤ ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፍ መክተት፣ ልጅን ከፊት ማድረግ ብቻ ነው።

ራኤል እሸት በሚበላበት ሰሞን በዚያ ስታልፍ ሽማግሌው አስቁመው ሙርሲክ የሚሉትን የአገሩን እርጎ በቅል አስቀረቡላት። ቼላጋት የመጀመሪያውን እሸት ከሽማግሌዎቹ ፊት በልታ፣ ቆሮቆንዳውን እንደ በትር ይዛ በግቢው ውስጥ ትንጎራደድ ነበር።

«አሁንስ ጊዜ ፈጀ ብለው አይከሱኝም?» አለች ራኤል።

አራፕ ቱዌይ ልጅቱን እያዩ ነበር።

«አባቴ ትራክተር ሲነዳ እኔ ከኋላው ነበርኩ» አሉ። «ልጅነቴን ሙሉ ጀርባውን አይቻለሁ፤ ፊቱ ምን እንደሚመስል ዛሬ አስታውስ ብትይኝ አላስታውስም። እሱም የኔን አላየም። ዘንድሮ ግን ትልሙን በጨረስኩ ቁጥር ይህቺ ልጅ ጨርቋን ይዛ ከፊቴ ትቆማለች። ስትስቅ አያታለሁ። ሲርባትም አያታለሁ። እዚያ ማሳ ላይ ስሠራ ስኖር የልጅ ፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ራኤልም ሙርሲኩን ተቀብላ ጠጣች።